ማን ጠራቸው? የእንቅርት፣ የጨውና የተከላካይ ሕዋሳት ታሪክ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል በመከራ ላይ ሌላ መከራ ሲደረብ ይነገራል። እንዲህ ያለ አባባል ሊወለድ የሚችለው እንቅርት የዕለት ተዕለት እይታ በሆነበት አገር ነው። የኢትዮጵያን ደጋ ለዘመናት ያጠበው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ ጠርጎ ወስዶታል፤ በዚያ አፈር ላይ የሚበቅለው እህልም ሆነ የሚታለበው ወተት አዮዲን ያንሰዋል። ታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ስለሆነ፣ እጥረት ሲያጋጥመው ያለችውን ጥቂት ለመሰብሰብ ሲል እየገዘፈ ይሄዳል። በአንገት ላይ የሚታየው እብጠት እንግዲህ የተራበ ዕጢ ምልክት ነው።

ሌላም እንቅርት አለ። በውጭ ሲያዩት ከመጀመሪያው አይለይም፤ በውስጡ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ይህኛው ዕጢ ያበጠው ከደም ወጥተው በገቡበት ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ሰውነትን ከተሕዋስያን እንዲጠብቁ የተሠማሩት ሕዋሳት የገዛ ወገናቸውን ያጠቃሉ፣ ቀስ በቀስም ያወድሙታል። አማርኛ ለሁለቱም ያለው ስም አንድ ነው። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ «ሊትል ኢትዮጵያ» በሚባለው ሰፈር አንዲት ሴት አንገቷ ላይ እብጠት ቢታይ፣ ከአገር ቤት የመጣው እውቀት የሚያቀብለው ምክር «አዮዲን ያንሳት ይሆናል» የሚል ነው። በጤና መደብሮች በባሕር አረም እንክብል መልክ የሚሸጠው አዮዲንም ቅርብ ነው። ይህ ምክር ለመጀመሪያው እንቅርት መድኃኒት፣ ለሁለተኛው ግን እሳት ላይ ጭድ ሊሆን ይችላል። ይህም በተለይ ሴቶችን የሚመለከት ጉዳይ ነው፤ ራስን የሚያጠቃው የታይሮይድ በሽታ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዙ እጥፍ ያጠቃልና።

ሕዋሳቱ ወደ ዕጢው እንዴት ገቡ? ለጥያቄው መልስ ለማግኘት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ከመልሱም አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው ከዚያው ከፌርፋክስ ብዙ ሳይርቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1912 በጃፓን ፉኩዎካ ከተማ፣ በኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ሐካሩ ሐሺሞቶ፣ ከአራት ሴቶች አንገት በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችን በማይክሮስኮፕ መርምረው በጀርመን መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። ያዩት ነገር ከተለመደው እንቅርት ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። ዕጢው ሊምፎሳይት በሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተሞልቷል። ሕዋሳቱ ደግሞ እንዲሁ የተበተኑ አልነበሩም፤ በብብትና በአንገት ሥር በሚገኙት የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ እንደሚታየው፣ መሐል ያለው ክብ ክብ ሠርተው ተደራጅተው ነበር። ታይሮይዱ በከፊል ወደ ሊምፍ ዕጢነት የተለወጠ ይመስላል። ሐሺሞቶ ከዚህ በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው እንደ አባቶቻቸው የአካባቢው ሐኪም ሆኑ፤ በ1934 በታይፎይድ ሞቱ። ግኝታቸውን ምዕራባውያን ለረጅም ጊዜ የሌላ በሽታ መነሻ ደረጃ አድርገው ቆጠሩት። ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ክሊቭላንድ የነበሩት አለን ግርሃም የተከራከሩት በ1931 ነው።

ቸልታው ከርቀትና ከቋንቋ ብቻ የመጣ አልነበረም። ጳውል ኤርሊክ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ፣ ሰውነት በራሱ ላይ እንዳይነሣ የሚከለክለው አንዳች ፍርሃት አለው ብለው ነበር። ኤርሊክ ያሉት በጥንቃቄ ነበር፤ ራስን የሚነካ ፀረ እንግዳ አካል ከቶ አይፈጠርም አላሉም፣ ጉዳት እንዳያደርስ የሚገታው ነገር መኖር አለበት አሉ እንጂ። ተከታዮቻቸው ግን ሐሳቡን ወደ ሕግ ለወጡት። ደቀ መዛሙርት ከመምህሩ ይልቅ ሲጠብቁ በሌላም መስክ የታየ ነው።

ሕጉ የተሰበረው በ1956 ነው። በዚያ ዓመት በሦስት የዓለም ማዕዘናት፣ እርስ በርሳቸው ብዙም ሳይተዋወቁ፣ ሦስት ቡድኖች ወደ አንድ ቦታ ደረሱ። በቡፋሎ ኒውዮርክ፣ ኖኤል ሮዝ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ከጥንቸል ታይሮይድ የተጨመቀ ንጥረ ነገር መልሰው ለጥንቸል ወጉ፤ ከራሷ ከጥንቸሏ በተወሰደ ዕጢ ጭምቅ እንኳ ሲደረግ ፀረ እንግዳ አካል ተፈጠረ፣ ዕጢውም በሊምፎሳይት ተወረረ። የሮዝ አለቃ ኤርነስት ዊተብስኪ የኤርሊክ ደቀ መዝሙር ደቀ መዝሙር ነበሩና፣ ውጤቱን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። በለንደን አይቨን ሮይትና ዲቦራ ዶኒያክ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሐሺሞቶ ሕሙማንን የደም ውሃ ከታይሮይድ ጭምቅ ጋር ሲያገናኙ ሁለቱ ተያይዘው ሲዘቅጡ አዩ። በኒውዚላንድ ደግሞ አዳምስና ፐርቭስ፣ በግሬቭስ በሽታ በተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ ዕጢውን ለረጅም ሰዓት የሚቀሰቅስ ነገር አገኙ፤ ይህም ኋላ ፀረ እንግዳ አካል ሆኖ ተገኘ። ሐሺሞቶ ዕጢውን የሚያዳክም፣ ግሬቭስ ደግሞ ከልክ በላይ የሚያሠራ በሽታ ነው፤ ሁለቱም ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ታወቀ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ምርምሩ በፀረ እንግዳ አካላት ዙሪያ ከረመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል በብልቃጥ ይለካል፣ ሕዋስ ግን ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን አንድ የማይመች ሐቅ ነበር። የሐሺሞቶ በሽታ ያለባት እናት ፀረ እንግዳ አካሏ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ የሕፃኑ ታይሮይድ ግን በዚህ ሳቢያ አይወድምም። ዕጢውን የሚያፈርሱት እንግዲህ በዋናነት ሕዋሳቱ ራሳቸው ናቸው። እነሱ ደግሞ ከደም ሥር ወጥተው ዕጢው ውስጥ መግባት አለባቸው።

የዚህ ፍንጭ የመጣው ታይሮይድን ጨርሶ ከማያጠኑ ሰዎች ነው። በኦክስፎርድ ጄምስ ጎዋንስ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአይጥ የሊምፍ ቧንቧ የሚወጡ ሊምፎሳይቶችን በጨረራማ ምልክት አቅልመው ወደ ደም መለሷቸው። ሕዋሳቱ ከደም ወደ ሊምፍ ዕጢ፣ ከዚያ ወደ ሊምፍ ቧንቧ፣ ከዚያም ተመልሰው ወደ ደም ይዞራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲንከራተቱ የሚኖሩ ተጓዦች ናቸው። የሚያቋርጡትም በማንኛውም ቦታ ሳይሆን፣ በሊምፍ ዕጢ ውስጥ በሚገኙ፣ ግድግዳቸው በወፋፍራም ሕዋሳት በተሠራ ልዩ የደም ሥሮች በኩል ነው። በ1976 ስታምፐርና ውድረፍ በስሱ በተቆረጠ የሊምፍ ዕጢ ላይ ሊምፎሳይቶችን ሲያፈሱ፣ ሕዋሳቱ የተጣበቁት በእነዚያ ሥሮች ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ አድራሻው የተጻፈው በግድግዳው ላይ ነው። በ1983 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሊምፎሳይቱ አድራሻውን የሚያነብበትን ሞለኪውል የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ።

ከእነዚህና ከተከታዮቻቸው ሥራ የተገኘው ሥዕል ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤት ሁሉ ይሰጣል። ደም በኃይል ስለሚፈስ፣ ሕዋሱ በመጀመሪያ ሴሌክቲን በሚባሉ ሞለኪውሎች እየተያዘና እየተለቀቀ በግድግዳው ላይ ይንከባለላል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቀጥሎ በግድግዳው ላይ የተዘረጉ፣ ኬሞካይን የሚባሉ የጥሪ ምልክቶችን ያገኛል። ምልክቱ የሱ ከሆነ፣ ኢንተግሪን የተባሉት መያዣዎቹ ተከፍተው አይካም-1 የሚባለውን የግድግዳውን እጀታ አጥብቀው ይይዛሉ። በመጨረሻ ራሱን አቅጥኖ በግድግዳው ሕዋሳት መካከል ሾልኮ ያልፋል። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ ሕዋሱ በደም ፍሰት ተወስዶ ይሄዳል። ወዴት እንደሚገባ የሚወስነው ተጓዡ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱም ደጁን መክፈት አለበት።

ጤናማ ታይሮይድ እንዲህ ያለ ደጅ የለውም። በታመመው ላይ ግን በ2001 በባርሴሎና የተደረገ ጥናት፣ በሊምፍ ዕጢ የሚገኙትን የሚመስሉ ሥሮች በታይሮይዱ ውስጥ አገኘ፤ ሊምፎሳይቶችን የሚጠሩና የሚያደራጁ ኬሞካይኖችም አብረው ነበሩ። ሐሺሞቶ በ1912 ያዩት ክብ ክብ ቅርጽ ትርጉም አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከእነዚህ ኬሞካይኖች አንዱን በታይሮይዳቸው ውስጥ እንዲያመርቱ በጂን ምሕንድስና የተለወጡ አይጦች፣ ዕጢያቸው በሊምፎሳይት ተሞላ። ጥሪው ብቻ በቂ ነበር፤ እንግዶቹ መጡ።

ጠሪው ማን ነው? በ1983 ለንደን የነበሩት ፍራንኮ ቦታዞና ባልደረቦቻቸው፣ የታመመ ሰው የታይሮይድ ሕዋሳት ተከላካይ ሕዋሳት ብቻ ሊይዙት የሚገባውን ሞለኪውል በገጻቸው ላይ አውጥተው አይተው፣ ዕጢው በራሱ ላይ በሚደርሰው ጥቃት ተካፋይ ነው ብለው ነበር። በዝርዝሩ ብዙ ቢነቀፉም ዋናው ሐሳባቸው ጸንቷል። ጥቂት ሊምፎሳይቶች እንደምንም ገብተው ኢንተርፌሮን ጋማ ሲረጩ፣ የታይሮይድ ሕዋሳቱ ራሳቸው ሲኤክስሲኤል10 የተባለ ኬሞካይን ማምረት ይጀምራሉ። በእርሱ የተጠሩት አዲስ መጤዎች ተጨማሪ ኢንተርፌሮን ይረጫሉ፤ ዕጢውም ተጨማሪ ይጠራል። በሽታውን በ«ወራሪ ሠራዊት» መመሰል የተለመደ ነው፤ ምሳሌው ግን ያሳስታል። ሠራዊቱ የመጣው ከውስጥ በተላከ ጥሪ ነው።

በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በፌርፋክስ ላይ ከኦሊምፒክ ጎዳና በስተደቡብ ያለውን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመ። በዚያው ዓመት፣ በከተማይቱ ደቡብ በቶራንስ አጠገብ በሚገኘው የሃርበር ዩሲኤልኤ የሕክምና ማዕከል፣ የቴሪ ስሚዝ ቡድን ሊምፎሳይት ወዴት እንደሚጠራ የሚናገር አንድ ጥናት አወጣ። የግሬቭስ በሽታ ከታይሮይድ አልፎ ዓይንን ይነካል፤ ከዓይን ኳስ በስተኋላ ያለው ጡንቻና ስብ ያብጣል፣ ዓይኑም ወደ ፊት ይገፋል፣ አንዳንዴም እይታ ይጠፋል። ስሚዝና ባልደረቦቻቸው ከሕሙማን የተወሰዱ ፋይብሮብላስት የሚባሉ የድጋፍ ሕዋሳትን ከሕሙማኑ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ሲያገናኙ፣ ሕዋሳቱ ሊምፎሳይት የሚጠሩ ሁለት ኬሚካሎችን አመረቱ። ጤናማ ሰው የሰጠው ሕዋስ እንዲህ አላደረገም። በዓመቱ ደግሞ ትእዛዙ የሚያልፈው ለእድገት በሚያገለግል፣ አይጂኤፍ-1 ተቀባይ በሚባል በር በኩል ነው አሉ።

ከሊትል ኢትዮጵያ ሦስት ማይል በማይሞላ ርቀት፣ በሲዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል፣ ባዚል ራፖፖርትና ሳንድራ ማክላክላን ሌላውን ጎን ይቆፍሩ ነበር። የግሬቭስ ፀረ እንግዳ አካል የሚያነጣጥረው በታይሮይድ ሕዋስ ገጽ ላይ ባለው የቲኤስኤች ተቀባይ ላይ ነው። ይህ ተቀባይ በባሕርዩ ይከፈልና አንዱ ክፍሉ ተገንጥሎ ይወድቃል። በ2003 ቡድኑ በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ በሽታውን አብልጦ የሚቀሰቅሰው ሙሉው ተቀባይ ሳይሆን ያ ተገንጥሎ የሚወድቀው ቁራጭ ነው። ዕጢው ኬሞካይን ከመርጨቱ በፊት እንኳ የራሱን ቁራጭ እንደ መልእክት ወደ ውጭ ይልካል ማለት ነው።

የስሚዝ መንገድ ወደ መድኃኒት አደረሰ። ለካንሰር ታስቦ ተሠርቶ የተተወ፣ የአይጂኤፍ-1 ተቀባይን የሚዘጋ ቴፕሮቱሙማብ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ለግሬቭስ ዓይን ተሞከረ። የመጨረሻውን ደረጃ ሙከራ ውጤት በ2020 ያሳተመው ቡድን ቀዳሚ ጸሐፊ የሲዳርስ ሳይናዩ የዓይን ቀዶ ሐኪም ሬይመንድ ዳግላስ ነበሩ፤ ከ83 ሕሙማን መድኃኒቱን ካገኙት 83 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ ዓይናቸው በሚገባ ወደ ኋላ ተመለሰ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥር 2020 ፈቀደው። የመስማት መዳከምና የስኳር መጨመር የመሰሉ ጉዳቶች አሉት፤ ፀረ እንግዳ አካላቱ ተቀባዩን በቀጥታ ይነኩታል ወይስ በቲኤስኤች ተቀባይ በኩል ነው የሚለው ክርክርም አልተዘጋም። የመድኃኒቱን ባለቤት ኩባንያ በ2023 የገዛው አምጀን ዋና መሥሪያ ቤቱ ከሎስ አንጀለስ ሰሜን ምዕራብ በታውዘንድ ኦክስ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ስምንት ጊዜ የሚሰጠው ሙሉ ሕክምና በዝርዝር ዋጋው ከሦስት መቶ ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ለዓይን መድኃኒት ተገኘ፤ ወደ ታይሮይዱ ራሱ የሚደረገውን ጉዞ የሚያግድ መድኃኒት ግን በገበያ የለም። ሳይንሱ አቅቶት ብቻ አይደለም። ሊምፎሳይት ወደ አንጎልና ወደ አንጀት እንዳያልፍ የሚከለክሉ መድኃኒቶች ከ2004 ጀምሮ አሉ። ሐሺሞቶ ያወደመውን ዕጢ የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ግን ርካሽ እንክብል ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል፣ ለአብዛኛው ሰውም ይበቃል። ርካሽ መፍትሔ ባለበት ቦታ ውድ ጥያቄ የሚጠይቅ ኩባንያ አይገኝም። ይህ ምናልባት ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ የመከላከያ ሥርዓትን ማገድ አደጋ አለው። ሆኖም ዕጢው ለምን መጀመሪያ እንደጠራ የሚጠይቅ ሰው ሌላ በር ማንኳኳት ይኖርበታል፤ የሚያደርሰውም ወደ ጨው ነው።

በቀላሉ የታይሮይድ ብግነት የሚይዛቸው አንድ ዓይነት የላቦራቶሪ አይጦች አሉ። የሚጠጡት ውሃ ውስጥ አዮዲን ሲጨመር በሽታው ይፈጥናል፤ ከሚታዩት ለውጦች አንዱም የታይሮይድ ሕዋሳቱ አይካም-1ን፣ ያንኑ የግድግዳ እጀታ፣ በብዛት ማውጣታቸው ነው። ይህን ካሳዩት መካከል በ1956 ጥንቸሎቹን የወጉት፣ በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ የሠሩት ኖኤል ሮዝ ይገኙበታል፤ ማክላክላንና ራፖፖርትም በእነዚሁ አይጦች ብዙ ሠርተዋል። በሰው ላይ ደግሞ ቴንግ ዌይፒንግና ባልደረቦቻቸው በቻይና የአዮዲን መጠናቸው የተለያየ ሦስት አካባቢዎችን ለአምስት ዓመት ተከታትለው በ2006 ሲዘግቡ፣ አዲስ ራስ አጥቂ የታይሮይድ ብግነት የተያዘው ሰው መጠነኛ እጥረት ባለበት 0.2፣ ከበቂ በላይ በሆነበት 1.0፣ እጅግ በበዛበት 1.3 በመቶ ነበር።

ኢትዮጵያ ይህን ታሪክ ከሌላው ጫፍ ጀምራ ነው የመጣችው። እስከ 1998 አዮዲን ያለው ጨው በዋናነት ከአሰብ ይመጣ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ ገበያውን የያዘው የአፋር አፍዴራ ጨው አዮዲን አልነበረውም። በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀም ቤተሰብ 4.2 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከትምህርት ቤት ልጆች 39.9፣ ከተመረመሩት 11 ሺህ ገደማ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎቹ መሠረት በ2011 አዮዲን የነበረው የቤተሰብ ጨው 15 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 89 በመቶ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ የተለወጠ ሌላ የሥነ ምግብ አኃዝ በኢትዮጵያ ማግኘት ያስቸግራል።

ከቻይናው ጥናት ተነሥቶ ይህ ሥራ ስሕተት ነበር ማለት ከባድ ድፍረት ነው። የአዮዲን እጥረት ፅንስ ያስወርዳል፣ የሕፃን አእምሮ ያቀጭጫል፤ ሕክምናው ርካሽ የሆነ የታይሮይድ ብግነት ከዚህ ጋር በሚዛን አይቀመጥም። ጥያቄው የመጠን ነው። በአፍዴራ አዮዲን ለረጅም ጊዜ የተጨመረው በጀርባ በሚታዘል መርጫ በእጅ እየተረጨ ነው፤ እንዲህ የተረጨ ጨው በአንዱ ከረጢት ከሚገባው በታች፣ በሌላው በጣም የበዛ አዮዲን ይይዛል። አዮዲን «አለ» ወይም «የለም» የሚል የቤት ለቤት ምርመራ ይህን ልዩነት አያይም። ለትውልዶች ሲራብ የኖረ ዕጢ ድንገት ሲጠግብ ደግሞ ሥራው ከልክ ያለፈ ሰዎች በየአገሩ በጨው ማበልጸግ መጀመሪያ ዓመታት ታይተዋል።

በፌርፋክስ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በአሜሪካ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ግዴታ አይደለም፤ የባሕር ጨውና የሂማላያ ጨው አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም፣ ፋብሪካ የሚሠራው ምግብም በአዮዲን የለሽ ጨው ይዘጋጃል። አሜሪካዊው አዮዲኑን ብዙውን ከወተት ያገኛል። ጾሙን ሁሉ የምትጾም ምእመን ግን በዓመት ከግማሽ ላላነሰ ጊዜ ወተት አትቀምስም። በባሕር ጨው የምታበስልና የምትጾም እርጉዝ ወይም አራስ ሴት፣ ከሲዳርስ ሳይናይ ጥቂት ማይል ርቃ እንደ ደጋ ሴት አዮዲን ሊያንሳት ይችላል። ጎረቤቷ ደግሞ ለሌላ ዓይነት እንቅርት የባሕር አረም እንክብል ትውጥ ይሆናል። የሁለቱ እብጠት በእጅ ሲዳሰስ አንድ ነው። የሚለያቸው ከክንድ የሚቀዳ አንድ ብልቃጥ ደም ነው፤ የቲኤስኤች መጠንና የታይሮይድ ፀረ እንግዳ አካላት ይለኩበታል። ሮይትና ዶኒያክ በ1956 በእጃቸው የሠሩት ምርመራ ዛሬ በፌርፋክስ ዙሪያ ባለ ማንኛውም ክሊኒክ ይታዘዛል፤ አዲስ አበባ ውስጥም በግል ላቦራቶሪዎች ይሠራል፣ ሒሳቡን ግን ብዙውን ጊዜ የምትከፍለው ታማሚዋ ራሷ ናት።